ሞተር ከማጥፋት በፊት

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አቶ ሰይድ አዲስ የገዟትን የጭነት መኪና እየነዱ ወደ ጋራዣችን መጡ። አቶ ሰይድ ሰቆጣ ገበያ ላይ የጨርቃ ጨርቅና የቆርቆሮ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ ከኔ ከፍ የሚሉ፣ ነገር በቀላሉ የማያስቆጣቸው ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ተቆጥተው ነበር። መኪናዋ ጃፓን አገር ስትሠራ ኖራ የመጣች ናት። ሻጩ፣ "ሲቆሙ ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች፤ ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ ራሷ ታስነሳለች፤ ናፍጣ ቆጣቢ ናት" ብሎ ነበር የሸጠላቸው።

"አንድም ቀን አጥፍታ አታውቅም" አሉኝ። "ተታለልኩ፣ ሞላ። ያ ያሉኝ ነገር ጭራሽ የላትም።"

"የማጥፊያው መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ይበራል?"

"ብልጭ ይላል እንጂ ሥራ የለውም።"

የመኪናዋ መመሪያ የተጻፈው በጃፓኖች ቋንቋ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። ያለኝ መንገድ አንድ በአንድ እየሞከሩ ማየት ነበር። ባትሪውን ስለካው ደክሟል። የሾፌሩ በር ላይ፣ በሩ መዘጋቱን ለመኪናዋ የምትነግር ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እሷ ተሰብራለች፤ ስለዚህ በሩ ተዘግቶም ለመኪናዋ ክፍት ነው። በዚያ ላይ የሰቆጣ ጠዋት ብርዳም ነው፤ አቶ ሰይድ ደግሞ ከሱቃቸው መናኸሪያ ደርሰው ዕቃ ጭነው ይመለሳሉ እንጂ ሞተሩ እስኪሞቅ የሚያስኬድ ርቀት አይነዱም። የሚያቆሟትም ዳገት ላይ ነው። ባትሪውን ሞላሁት፣ የበሩን ማብሪያ ቀየርኩ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ በወልድያ መንገድ ነድተን ተመለስንና ሜዳ ላይ ማርሹን አውጥቼ ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ተነሳ።

አቶ ሰይድ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ታዲያ እስከዛሬ ምን ሆና ነው?"

"ከማጥፋቷ በፊት መልሳ መነሳት መቻሏን ታጣራለች። ባትሪው ከደከመ፣ ሞተሩ ካልሞቀ፣ በር ከተከፈተ፣ ዳገት ላይ ከሆነች አታጠፋም። አልተበላሸችም፤ እርግጠኛ ስላልሆነች ነው።"

"ሰው ብትሆን ዳኛ እናደርጋት ነበር" ብለው እየሳቁ ሄዱ። እኔ አልሳቅኩም። ጋራዡ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ወደ መኪና ሥራ የገባሁት ከወፍጮ ቤት ነው። አምደወርቅ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ አስነሺ ነበርኩ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሰቆጣ ላይ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ረዳት መካኒክ እንደሚፈልግ ሰማሁና ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዙ ከወፍጮው ብዙም አይሻልም ነበር። ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ የወፍጮ ሞተር ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይጮሃል፤ ይሄኛው ሰው ይዞ ይሄዳል።

በግቢው ውስጥ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች። በድርቁ ዘመን እርዳታ ስታመላልስ የኖረች፣ ቀለሟ የተላጠ፣ የኋላ መስኮቷ በላስቲክ የተሸፈነ የናፍጣ መስክ መኪና ናት። ክትባት ቢሆን፣ በሽተኛ ቢሆን፣ ሠራተኛ ቢሆን የምትጭነው እሷው ነበረች። ለእሷ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበራት፤ ጋሽ ቢምረው።

ጋሽ ቢምረው ተወልደው ያደጉት እዚሁ ዋግ ነው፤ ሙያውን የተማሩት ግን አስመራ፣ ከጣሊያን ጋራዥ ነበር። አማርኛቸው መሀል ትግርኛ ጣል ያደርጉበታል። እኔን "ሓወይ" ነበር የሚሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። አጭር፣ እጃቸው ሰፊ፣ ሥራ ላይ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሲናገሩም ዓይናቸው ከሞተሩ አይነቀልም።

ሌላ ሾፌር መኪና ሲያቆም ቁልፉን አዙሮ ይወርዳል። ጋሽ ቢምረው ሞተሩ እየሠራ ነበር የሚወርዱት። ኮፈኑን ይከፍቱና ጆሯቸውን ወደ ዲናሞው ያዘነብላሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ከላላ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ አለው፤ እሱን ነው የሚፈልጉት። ቀጥሎ የባትሪዎቹን ራሶች በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። ራሱ ከሞቀ ገመዱ በደንብ አልጨበጠም ማለት ነው። ለምን በመዳፋቸው እንደማይነኩ ስጠይቃቸው፣ መዳፋቸው በሥራ ደድሮ ሙቀት እንደማይለይ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ የፊት መብራቱን ያበሩና ነዳጅ ሰጥተው ብርሃኑ ይደምቅ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ያያሉ። ከደመቀ ዲናሞው ባትሪውን እየመገበ ነው። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ነው ቁልፉን የሚያዞሩት፤ ያውም የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ቁልቁለት ዞሮ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ከገባ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ቀን፣ "ጋሽ ቢምረው፣ ለአንዲት ደቂቃ ለማቆም ይህን ያህል ምርመራ ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"እታች ሰሃላ ቆላ ላይ ብትቀር የሚጎትትህ ሌላ መኪና አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያስ ሓወይ፣ እዚያ ሆነህ የምትጨነቅበትን እዚህ ሆነህ ጨርሰው።"

መኪናዋ ሞተሯን የምታጠፋበትና የምታስነሳበት የራሷ መላ ነበራት። የናፍጣ ሞተር ነዳጁ ካልተቋረጠ አይጠፋም። ስለዚህ ከናፍጣ ፓምፑ አጠገብ ጡጫ የምታክል የኤሌክትሪክ ሞተር ተደርጎላታል፤ በቀጭን የብረት ዘንግ ፓምፑን ትገፋለች፣ ትስባለች። ቁልፉ ሲዞር ዘንጓ ወደ ማስነሻው ትሄዳለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ መሥሪያው ትመለሳለች፤ ቁልፉ ሲዘጋ ወደ ማጥፊያው። አቧራ ከገባባት ወይም ኃይል ካነሳት ግን ማጥፊያው ላይ ደርቃ ትቀራለች። ያኔ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞቶሪኖ የቱንም ያህል ቢያሽከረክር ሞተሩ አይነሳም፤ ናፍጣ አያገኝምና። ጋሽ ቢምረው ሽፋኗን ከፍተው በውስጧ ያሉትን የመዳብ መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በጨርቅና በቤንዚን ያጸዱ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት መዳቡን ይበላዋል ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ብትቀር ዘንጓን ነቅሎ ፓምፑን በእጅ መግፋትን አስተማሩኝ፤ ሳላይ በዳሰሳ ብቻ እስክሠራው ድረስ አስደጋገሙኝ።

ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። ምክር አልጨመሩም። "ቀስ በል" ብቻ ብለውኝ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌርም መካኒክም እኔ ሆንኩ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

በጋ ነበር። ከሰሃላ በኩል ምጥ የጠናባት ሴት እንዳለች፣ ሰዎችም በቃሬዛ ይዘዋት ወደ ደረቁ ወንዝ እየወረዱ መሆናቸው ተነገረን። መኪና መድረስ የሚችለው እስከ ወንዙ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ብቻ ነው። ጤና ረዳቷ ዘውዲቱ ዕቃዋን ይዛ ገባችና ወጣን።

ከባትሪዎቹ አንዱ መድከሙን አውቅ ነበር። መኪናዋ በሁለት የተያያዙ ባትሪዎች ነው የምትነሳው፤ አንዱ ከወደቀ ሌላው ብቻውን አይረባትም። አዲስ ጠይቀን እየጠበቅን ነበር። ሌላ መኪና የለም፣ ምጥ ደግሞ አይጠብቅም። ዘውዲቱም ታውቃለች፤ መንገድ ላይ ነገርኳት። ሐሳባችን ሞተሩን ፈጽሞ ሳናጠፋ ደርሰን መመለስ ነበር።

ወደ ቆላው ስንወርድ ነፋሱ ራሱ የሚያቃጥል ሆነ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰዎቹ ቃሬዛውን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አሳርፈውታል። ሴትየዋ ትርንጎ ትባላለች። ባሏ አደራ ራስጌዋ ተንበርክኮ በጋቢው ጫፍ ያራግብላታል። ዘውዲቱ ሆዷን ዳስሳ፣ የልብ ምቷን ለክታ ቀና አለችና "ቶሎ እንሂድ" አለችኝ።

መኪናዋን ላዞር አሸዋው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስል የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ወጣ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ተሰንጥቆ ውሃው እየተረጨ ነው።

ውሃ የሌለው ሞተር እየሠራ ከቆየ ይነክሳል፤ ብረት ከብረት ይጣበቅና ከዚያ ወዲያ በቦታው ላይ ማንም አያስነሳውም። ላጥፋው ብል ባትሪው መልሶ ላያስነሳው ይችላል። ዙሪያዬን አየሁ። ቁልቁለት የለም። አሸዋና ሜዳ ብቻ ነው።

"ምንድን ነው?" አለች ዘውዲቱ።

"ማጥፋት አለብኝ።"

"ይነሳልሃል?"

"አላውቅም።"

አጠፋሁት። የተሰነጠቀውን ጎማ በላስቲክ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኩ፤ ሞተሩ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቄ ከጀሪካኑ ውሃ ሞላሁ። ትርንጎን ከነቃሬዛዋ ከኋላ አስገባናት። እጄን ያዘችኝና፣ "ይሄዳል አይደል?" አለችኝ። ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። "ይሄዳል" አልኳት።

ቁልፉን ሳዞር ጧ የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ። ሌላ ምንም የለም። የባትሪዎቹን ራሶች ፈትቼ ፍቄ መልሼ አሰርኩ። እንደገና ጧ። ትንሿ ሞተር ኃይል አጥታ ዘንጓ ማጥፊያው ላይ ቀርታለች። ነቅዬ ፓምፑን በእጄ ወደ ማስነሻው ገፋሁትና ዘውዲቱን ቁልፉን እንድታዞር ነገርኳት። ሞቶሪኖው ግማሽ ዙር ያህል አቃሰተና ቆመ።

"ግፉ!" አልኩ።

ቃሬዛ ተሸክመው የመጡት ሰዎች በሙሉ ከመኪናዋ ጀርባ ተሰለፉ። በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ እየተጠራሩ በትከሻቸው ገፉ። ጠንካራ መሬት ቢሆን ኖሮ በዚያ ጉልበት መኪናዋ ትነሳ ነበር። አሸዋው ግን ጎማውን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ድንጋይ ነጠፍን፣ ቅጠል ጎዘጎዝን፣ እንደገና ገፉ። ሰው ጉልበቱ እየከዳው አንድ በአንድ አሸዋው ላይ ሲቀመጥ በመስተዋቱ አያለሁ። በመጨረሻ አደራ ወደኔ መስኮት መጣ። አልተቆጣም። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን እየፈለገ ነው የሚናገረው።

"ይበቃል፣ ጋሽ ሞላ። እንሸከማታለን።"

ተሸከምናት። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። የመኪናዋን በር እንኳ ሳልቆልፍ እዚያው ትቻት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። መንገድ ላይ ዘውዲቱ "አውርዱ!" አለች። ወንዶቹ ፈቀቅ ብለን ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። የልጅ ልቅሶ ሰማን፤ ሴት ልጅ ናት። ሰዎቹ ተመስገን አሉ። ዘውዲቱ ግን ከትርንጎ አጠገብ አልተነሳችም። ደሙ አልቆም ብሏት ነበር። ያላትን ጨርቅ ሁሉ ተጠቀመች፣ ያላትን መድኃኒት ሰጠች፣ በጡጫዋ ሆዷን ይዛ እስክትዝል ድረስ ተጫነች። ትርንጎ ጤና ጣቢያው ሳይታይ ዐረፈች። አደራ ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አድርጎ ከቃሬዛው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲያለቅሱ እሱ አላለቀሰም፤ እየደጋገመ የሕፃኗን ራስ ብቻ ይሸፍን ነበር።

ሰቆጣ ስገባ በቀጥታ ጋሽ ቢምረው ቤት ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

"ባታጠፋት ኖሮ?" አሉኝ።

"ትነክስ ነበር።"

"ዳገቱን ሳትወጣ?"

"ገና አሸዋው ላይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።  ተነስተው ጫማቸውን አጠለቁ፣ ካቻቢቴና ፒንሳቸውን በከረጢት ያዙ፣ ከአንድ ነጋዴ ባትሪ ተበድረው መኪናዋን ለማምጣት አብረውኝ ወረዱ። ባትሪውን በበቅሎ ጭነን እዚያ ስንደርስ የወንዙን አሸዋ፣ ሰው የገፋበትን ቦታ፣ የነጠፈውን ድንጋይ አዩ። "ያስቀረህ ቦታው ነው" አሉ በቀስታ። 

ከወራት በኋላ በገበያ ቀን አደራ ወደ ግቢያችን መጣ።  የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ ተነሳሁ።

"ልከስዎ አልመጣሁም" አለኝ። "ልጅቱ ደህና ናት። እህቴ ታጠባታለች። ስታድግ እናቴ በምን ሞተች ትለኛለች። መኪናው አልነሳ ብሎ ብላት፣ ለምን አልነሳም ትለኛለች። እኔ አላውቀውም። እርስዎ ያውቁታል። ያስረዱኝ።"

በሥራ ዘመኔ ከኃላፊም ከባለሙያም ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የወደቀውን ባትሪ ከመጋዘን አወጣሁትና መሬት ላይ አስቀምጬ ከላይ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ያሉትን ክፍሎች አሳየሁት። የደህናው ክፍል የእርሳስ ንጣፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሞተው ክፍል ንጣፎች ረግፈው ሥሩ ላይ ጭቃ ሆነዋል። ኃይሉ በዚህ በኩል ሊያልፍ ሲል እዚህ እንደሚቀር፣ ሞቶሪኖው ለምን ግማሽ ዙር ብቻ እንደዞረ፣ ሙቀቱ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳጠፋሁት፣ ሁሉንም ነገርኩት። አንዱን ነገር ሁለቴ ያስደግመኛል። ጣቱን ረግፎ በቀረው እርሳስ ላይ አደረገ።

"ያን ሁሉ ሰው ገፍቶ ለምን አልሆነም?"

"አሸዋው ነው። የናፍጣ ሞተር በግፊ እንዲነሳ መኪናዋ መንደርደር አለባት። ቁልቁለት ቢኖር ኖሮ ማንም ሳይገፋት ትነሳ ነበር።"

"ቁልቁለት" አለ። ወደ ግቢያችን በር ዞሮ የመንገዱን ዘቅዛቃ አየው። "ምን ያህል?"

"ከዚህ እስከዚያ ግንብ ቢሆን ይበቃል።"

"ድንጋይ እኛ ጋ ሞልቷል" አለ አደራ። "እንሠራዋለን።"

እውነቱን ለመናገር ከሐዘን የመጣ ንግግር መስሎኝ ነበር። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ግን መሥሪያ ቤት ድረስ ሰው ላከብኝ። ኃላፊያችን ያኔ አዲስ የተሾመ ወጣት ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ወረቀት አላበዛም፤ "ሂድና አሳያቸው" አለኝ። ወንዙ ዳር ስደርስ አደራና ጎረቤቶቹ ከአሸዋው ወጣ ብሎ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ላይ ድንጋይ ከምረው ጠብቀውኛል። ስፋቱን በገመድ ለካን። ከላይ መኪናዋ ተዘቅዝቃ የምትቆምበት፣ ከታች ወደ ጠንካራው መሬት የሚወስዳት እንዲሆን አድርገን ወሰንን። ወንዶቹ ድንጋዩን ካቡ፣ ሴቶቹ አፈርና ጠጠር በቅርጫት እያመጡ ሞሉ። አደራ ሌሎቹ ሲያርፉ አያርፍም ነበር። ልጅቱ፣ ስሟን አለሚቱ ብለዋታል፣ በአክስቷ ጀርባ ላይ ሆና ታያለች።

መጀመሪያ የተጠቀምንበት በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያው መንደር ሌላ ሴት ምጥ ሦስተኛ ቀን ሆኗት በቃሬዛ ወረደች። መኪናዋን ወደ ክምሩ አውጥቼ ዘቅዝቄ አቆምኳት። አዲስ ባትሪ ነበረን፤ የዚያን ቀን ግን ሞቶሪኖው ራሱ አልያዝ አለኝ።  አደራ ከፊት ጎማው አጠገብ ቆሞ ያየኛል። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ራሴን ነቀነቅሁለት። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሳበው።

መኪናዋ መጀመሪያ የማትሄድ መሰለች። ከዚያ ጠጠሩ ከሥሯ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ፍጥነት ስታገኝ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። አንዴ ተንገጫገጨች፣ አንዴ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ሞተሩ ያዘ። ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ። አላቆምኩም። ሴትየዋ ሰቆጣ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ወለደች፤ ወደ አገሯ የመለስኳትም እኔው ነኝ፤ ከወንዙ ወዲያ ያለውን መንገድ ልጇን አዝላ በእግሯ ሄደች።

ክምሩን ዝናብ ሲያፈርሰው በየዓመቱ መልሰው እየካቡ ለብዙ ዘመን ሠራንበት። በሌሎች የመንገድ ጫፎችም ሰዎች እያዩ ሠርተዋል። ጋሽ ቢምረው ሳይሞቱ አንዴ ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። በላዩ ላይ ወጥተው በእግራቸው ጠጠሩን መታ መታ አደረጉና፣ "ጽቡቕ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል የሰማሁት በጥቂት አጋጣሚ ነው።

የመጨረሻ የመስክ ጉዞዬ ወደዚያው ነበር። መንገዱ ተጠርጎ ወንዙን አልፎ ይሄዳል። አምቡላንሱ አዲስ ነው፤ ሾፌሩ ሲሳይ የሚባል ጨዋ ጎልማሳ ነው፤ እኔ መንገዱን ላሳየው ከጎኑ ተቀምጫለሁ። አደራ ሽማግሌ ሆኖ ሊቀበለን መጥቷል። አንዲት ነፍሰ ጡር ይዘን ልንመለስ ነው። ሲሳይ አሸዋው መሀል፣ ሜዳው ላይ፣ ምንም ሳያስብ ቁልፉን ዘግቶ ወረደ። መኪናው አዲስ ነው፣ ሁሉ ነገሩ ደህና ነው። ሴትየዋን ደግፈው አስገቧት፣ በሩን ዘጉ፣ ሲሳይ እየተጫወተ ወደ ወንበሩ ተመለሰና ቁልፉን ያዘ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ያን ጊዜ ነው የበሩን መክፈቻ ይዤ፣ ልወርድ ተዘጋጅቼ እንደነበር ያወቅሁት። በመስኮቱ ወደ አደራ ዞር ስል እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ቀስ ብሎ አወረደው።